ሩጫው እስኪጀምር

እኛ ሀገር አትሌቲክስ ማለት ሩጫ ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ፍቅር ነው፤ እኔም አለሁበት። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ቁጭ ማለት አልችልም። ግን ሩጫው እስኪጀምር ድረስ ሜዳው መሃል የሚካሄድ ሌላ ነገር አለ። ካሜራው ወደዚያ ሲዞር ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ሂሳብ ይጠይቃል፣ እጁን ሊታጠብ ይነሳል። እኔ ደግሞ ከዓመታት ወዲህ ለዚያ ሰዓት ብዬ ቀድሜ የምገባ ሆኛለሁ። በተለይ ለሴቶች ዲስከስ ውርወራ፤ ሰሃን የመሰለውን ክብ ጠፍጣፋ ነገር አርቆ ለመወርወር ለሚደረገው ፉክክር።

መስከረም 4 ቀን 2018 እሁድ ነበር። የቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሌሊቱን ትዕግስት አሰፋ በማራቶን ከኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር ጋር እስከ መጨረሻው ድረስ ታግላ በ2 ሰከንድ ተቀድማለች። ከሰዓት በኋላ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አለ። እኔ ስታዲየም አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ነኝ። እንቁጣጣሽ ቢያልፍም ቄጠማው ከወለሉ አልተነሳም። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ማራቶኑ ነው። "ቀደም ብላ መውጣት ነበረባት" ይላል አንዱ። "እግሯ እምቢ ሲላትስ?" ይላል ሌላው።

በዚህ መሃል ስክሪኑ ላይ በመረብ የታጠረች አንዲት ክብ ታየች። አስተናጋጇ ሪሞቱን አነሳች።

"ሩጫው እስኪደርስ ዘፈን ላድርግላችሁ?"

"ተይው ልጄ፣ ይታይ" አሉ ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ።

ገረመኝ። ብቻዬን የማየው ነገር ይመስለኝ ነበር። "ጋሼ፣ ይህን ይወዱታል?" አልኳቸው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ስፖርት ሳስተምር ኖሬ እንዴት አልወደውም?" አሉ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠቆም አድርገው፣ "ክንዷን አትይ። ሰው ሁሉ ክንዷን ነው የሚያየው። እግሯን እይ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዲስከስ ውርወራ የሚጀምረው በጀርባ ነው። ወርዋሪዋ ዲስከሱ ለሚያርፍበት ሜዳ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። የክቧ ስፋት 2.50 ሜትር ብቻ ነው። ዲስከሱን አንዴ ሁለቴ ወደ ኋላ ታወዛውዛለች። ከዚያ በግራ እግሯ ላይ ትዞራለች፤ ክቧን በዝላይ ታቋርጣለች፤ መሃል ላይ በቀኟ ታርፋለች፤ ወዲያው ግራዋን ከፊት ትተክላለች። አንድ ዙር ተኩል ነው። ዙሩ ከተጀመረ እስኪወረወር ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በዚህ ሁሉ ክንዷ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጎተታል እንጂ ሥራ የለውም። ጉልበቱ ከመሬት ይነሳል። በእግር፣ በዳሌ፣ በወገብ፣ በደረት አልፎ እጅ ላይ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ቸኩላ ክንዷን ካስቀደመች አለቀላት። ዲስከሱ ይወጣል፣ ግን እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፤ ቶሎም ይወድቃል።

እኔን የያዘኝ ይኼ ነገር ነው። ሩጫ ስናይ ከሯጯ ጋር አብረን እንደክማለን። ፊቷ ሲጨማደድ የእኛም ይጨማደዳል። ዲስከስ ላይ ግን አብሮ መድከም የለም። የምታየው ሰው ያለውን ጉልበት ሁሉ ይዞ፣ ገና ነው፣ ገና ነው እያለ ራሱን ሲያቆይ ነው። የሚለቀው ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። እሷን ቅጽበት ለማየት ዓይንህን ማልመድ አለብህ። እኛ ደግሞ አላለመድነውም።

ደንቡም ጨካኝ ነው። ክቧን የከበበውን ብረት ከላይ ከነካች ፋውል ነው፤ ውርወራው አይቆጠርላትም። ዲስከሱ መሬት ሳይነካ ከክቧ ከወጣች ፋውል ነው። ከወደቀ በኋላም ቢሆን በኋለኛው ግማሽ በኩል ካልወጣች ፋውል ነው። ዲስከሱ ከሁለቱ ነጭ መስመሮች ውጪ ካረፈም እንዲሁ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ማዕዘን 34.92 ዲግሪ ነው። በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ከእጅ የሚወጣን ነገር፣ ራስህ እየዞርክ፣ በዚያ ጠባብ ክፍተት ማሳለፍ ማለት ነው። አንድ ሰው ስድስት ሙከራ ቢኖረው ነው። ለዓመታት በኖረው አሠራር ደግሞ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ ለፍጻሜ ከደረሱት አስራ ሁለት ሰዎች አራቱ ይሰናበታሉ።

ክሮኤሺያዊቷ ሳንድራ ፐርኮቪች እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የገባችበትን ጉድ አስቡት። የለንደኑን ወርቅ ይዛ ነው የመጣችው። የመጀመሪያ ሙከራዋ ፋውል ሆነ። ሁለተኛውም ፋውል። ሦስተኛው ቢበላሽ ሻንጣዋን ይዛ መሄድ ነበር። እዚያ ላይ አብዛኛው ሰው ምን ያደርጋል? ይቀንሳል። ለጥንቃቄ ብሎ ቀስ አድርጎ ይወረውራል፣ ብቻ ይቆጠርለት። እሷ 69.21 ሜትር ወረወረች። በዚያ ፍጻሜ የተቆጠረላት ይህ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ፋውል ናቸው። በዚህች አንዲት ውርወራ ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች።

ወደ ቶኪዮ ልመለስ። ያን ቀን የምጠብቃት አሜሪካዊቷን ቫላሪ ኦልማንን ነበር። ከዲስከስ በፊት ዳንሰኛ ነበረች፤ ዙሩን ስታያት ይገባሃል። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አላት፤ አንዱ ከቶኪዮ፣ ሌላው ከፓሪስ። የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ግን እስከዚያ ቀን እምቢ ብሏት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩጂን ላይ፣ በገዛ ሀገሯ፣ ነሐስ አገኘች። ያኔ ቻይናዊቷ ፌንግ ቢን በመጀመሪያ ሙከራዋ 69.12 ወርውራ ነገሩን ዘጋችው። በ2023 ቡዳፔስት ላይ ደግሞ ኦልማን 69.23 ወርውራ እየመራች ነበር። አምስተኛው ሙከራ ላይ የራሷ ሀገር ልጅ ላውላውጋ ታውሳጋ ገባች። ታውሳጋ እስከዚያች ቀን ድረስ በሕይወቷ 66 ሜትር ወርውራ አታውቅም። 69.49 ወረወረች። አራት ሜትር ጨመረች ማለት ነው፣ በአንድ ውርወራ! ታውሳጋ ራሷ አላመነችም። ኦልማን ብር ይዛ ወጣች።

ሩጫ ላይ ይህን የመሰለ ነገር በቀላሉ አይገኝም። ሯጭ ሲመጣብህ ታየዋለህ፤ ኮቴው ይሰማሃል፤ ቢያንስ ትፋለመዋለህ። እዚህ ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ፣ ቱታህን ለብሰህ፣ ውሃህን እየጠጣህ ወርቅህ ሲወሰድ ታያለህ። ልታደርገው የምትችለው ነገር የለም። ተራህ እስኪደርስ ትጠብቃለህ።

ስለዚህ ኦልማን መስከረም 4 ቀን ስትገባ ከልቤ ነበር የምመኝላት። 69.48 ወረወረች። ከታውሳጋው የቡዳፔስት ውጤት በ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ ለዚያ ቀን ግን በቃ። ሁለተኛ የወጣችው የኔዘርላንድሷ ዮሪንደ ቫን ክሊንከን 67.50፣ ሦስተኛዋ የኩባዋ ሲሊንዳ ሞራሌስ 67.25 ነበራቸው። ካፌው ውስጥ ያጨበጨብነው እኔና ጋሼ ነን። አንድ ወጣት ዞር ብሎ አየንና፣ "69 ሜትር ብዙ ነው እንዴ?" አለ።

"የኳስ ሜዳ ወርድ ስንት ነው?" አሉት ጋሼ።

አሰበ። "እኔ እንጃ፣ 68?"

"እንግዲህ ከዚህኛው መስመር ቆማ ከወዲያኛው መስመር አሳለፈችው።"

ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። "ወንዶቹ ደግሞ የት ሊያደርሱት ነው?" አለ። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱን ማንም አይጠብቀውምና። የዓለም ክብረ ወሰን የሴቶቹ ይበልጣል። የሴቶቹ 76.80 ነው፤ የምሥራቅ ጀርመኗ ጋብሪኤሌ ራይንሽ እ.ኤ.አ. በ1988 የወረወረችው። የወንዶቹ 75.56 ነው፤ የሊቱዌኒያው ሚኮላስ አሌክና በ2025። ምክንያቱ ክብደቱ ነው። የሴቶቹ ዲስከስ 1 ኪሎ፣ የወንዶቹ 2 ኪሎ ይመዝናል። ያም ሆኖ ልጁ "እውነት?" ብሎ ጎግል አደረገ።

ስለዚያ 76.80 አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በዚያ ዘመን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ራሱ ለአትሌቶቹ አበረታች መድኃኒት በዕቅድ ይሰጥ እንደነበር ኋላ በሰነድ ተረጋግጧል። ከዚያ ዘመን የቀሩ ክብረ ወሰኖች ሁሉ ላይ ይህ ጥላ አለ። ዛሬ የሚወረውሩት ሴቶች ከዚያ ቁጥር ጋር እየተነጻጸሩ "ያንሳሉ" ሲባሉ ያንገበግበኛል። ኦልማን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ኦክላሆማ ውስጥ ራሞና በምትባል ቦታ 73.52 ወርውራለች። ከ1989 ወዲህ በሴቶች እንዲህ የራቀ አልታየም። እኔ መለኪያዬ ይኼኛው ነው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ 10 ሺህ ሜትሩ ተጀመረ። ካፌው በአንድ እግሩ ቆመ። ዮሚፍ ቀጄልቻ በፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲዬ በ6 መቶኛ ሰከንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። የዚያን ቀን ሁለተኛው ቁጭታችን ነው። እኔም ጮኬያለሁ፣ እኔም ተቃጥያለሁ። ሰው ሁለቱንም መውደድ ይችላል።

አሁን ሰው ብዙ የማያነሳውን ነገር ላንሳ። ሴቶች በኦሎምፒክ አትሌቲክስ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1928 አምስተርዳም ላይ ነው። የተፈቀዱላቸው አምስት ውድድሮች ብቻ ነበሩ፦ 100 ሜትር፣ 800 ሜትር፣ የ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል፣ ከፍታ ዝላይ እና ዲስከስ። በዲስከስ ያሸነፈችው ፖላንዳዊቷ ሃሊና ኮኖፓትስካ ናት፤ 39.62 ሜትር። ለፖላንድ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። ደግሞ ገጣሚ ነበረች፤ ግጥሞቿ በመጽሐፍ ታትመዋል።

በዚያው ኦሎምፒክ 800 ሜትር የሮጡት ሴቶች መጨረሻው ላይ ደክመው ታዩና "ይህ ለሴት አይሆንም" ተባለ። ውድድሩ ተሰረዘ። የተመለሰው በ1960 ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት! የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ የገባው በ1984 ነው። 10 ሺህ ሜትር በ1988። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ የሴቶች 10 ሺህ በኦሎምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። 5 ሺህ ሜትር እስከ 1996 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። እኛ "የሴቶች አትሌቲክስ" ስንል የምናስበው ሁሉ የትናንት ልጅ ነው። ዲስከሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ ነበረ። ሴት ልጅ ሁለት ዙር ከሮጠች ትሞታለች ሲባል በነበረበት ዘመን፣ ወርዋሪዎቹ እዚያው ሜዳ መሃል ነበሩ።

ከነዚህ ውስጥ ሮማኒያዊቷን ሊያ ማኖሊዩን አብልጬ እወዳታለሁ። ስድስት ኦሎምፒክ ላይ ተሰልፋለች። በ1960 ነሐስ፣ በ1964 ነሐስ። በ1968 ሜክሲኮ ስትሄድ 36 ዓመቷ ነው፤ ክንዷም ተጎድቷል። ሐኪሞቹ አንዴ በሙሉ ጉልበት መወርወር ብትችል ነው አሏት። እሷም በመጀመሪያው ሙከራ ያላትን ሁሉ አወጣች፤ 58.28 ሜትር። ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ጣለ። ክቧ ረጠበች። ማንም አልደረሰባትም። ወርቅ። በዚያው በ1968 ነው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈልን። የማሞን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን ስለሆነው የሊያ ማኖሊዩ ታሪክ ግን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

በ2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ኦልማን በመጀመሪያ ሙከራዋ 68.98 ወረወረች፣ ዝናቡ መጣ፣ ውድድሩ ተቋረጠ። ሲቀጥል ሴቶቹ ክቧ ውስጥ እየተንሸራተቱ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ሙሉ በሙሉ መወርወር የሚለውን ነገር ጋሼ ሲነግሩኝ እንደ መፈክር አልነበረም። "ሰማይን ማን ያዝዛል?" ነው ያሉኝ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሊረዳ ይገባል። ነሐሴ ላይ ልብስ አጥቦ ማስጣት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለንና።

ስለ ከተማችን ካነሳን አይቀር፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች። ስስ አየሯ ሯጮቻችንን እንደሚሠራ ሁላችንም ሰምተናል። ለዲስከስ ግን ይህ አየር አያደላም። ዲስከስ እንደ ድንጋይ ብቻ የሚበር ነገር አይደለም። ዘንበል ብሎ፣ በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ፣ አየር ላይ ተደግፎ ነው የሚሄደው። ሽክርክሪቱ ሚዛኑን ይጠብቅለታል። አየሩ ሲሳሳ የሚደገፍበት ያንሳል። በዚህ ምክንያት ለዲስከስ ነፋስ ከፊት መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ከስር ገብቶ ያነሳዋል። ከኋላ ከመጣ ወደ መሬት ይጫነዋል። ያቺ ራሞና የምትባለው ቦታ ወርዋሪዎች የሚጎርፉባት ለነፋሷ ብለው ነው። አሌክናም የዓለም ክብረ ወሰኑን የሰበረው እዚያው ነው። እንግዲህ መሃል አዲስ አበባ 45 ሜትር የወረወረች ልጅ ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ ጥሩ ነፋስ ብታገኝ፣ ከዚያ በላይ ልትወረውር ትችላለች። የእኛን ልጆች ውጤት ከሌላው ጋር ስናስተያይ ይህም መታሰብ አለበት እላለሁ።

እነዚያ ልጆች አሉ እኮ። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ላይ የሴቶች ዲስከስ አለ። ክለቦቻችን ወርዋሪዎች አሏቸው። ስታዲየሙ ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት ለሻምፒዮናው ስገባ አያቸው ነበር። ውድድራቸው ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው፤ ሰው ሳይሞላ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአፍሪካ ሻምፒዮና እዚሁ ስታዲየም ሲካሄድም ትሪቡኑ የሚናወጠው ለሩጫው ነበር። አንዲት ወርዋሪ ክቧ ውስጥ ገብታ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ በሌላ በኩል ሕዝቡ ለሌላ ሰው ይጮሃል። እሷ እዚያ ጩኸት ውስጥ ሆና የራሷን ጸጥታ መፍጠር አለባት።

አንድ ጠዋት ከውድድሩ በኋላ አንዷን ወርዋሪ "እስኪ ልያዘው" ብዬ ለመንኳት። ሳቀችና ሰጠችኝ። ዙሪያው ብረት ነው፣ ጎኖቹ እንጨት። ብረቱ ይቀዘቅዛል። 1 ኪሎ ሲባል ቀላል ይመስላል። ግን እንደ ማንኛውም ዕቃ ጨብጠህ አትይዘውም። መዳፍህ ላይ ተዘርግቶ የጣቶችህ የመጨረሻ አንጓ ብቻ ብረቱ ላይ ይንጠለጠላል። አውራ ጣትህ ምንም አይዝም። ክንድህን ወደ ታች ብትለቀው ሊወድቅ ይደርሳል። "እንዴት ነው የማይወድቀው?" አልኳት። "ስትዞሪ ራሱ እጅሽ ላይ ይጣበቃል" አለችኝ። ገጠር ማማ ላይ ሆነው ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ወንጭፍ ሲያዞሩ ድንጋዩ ከወንጭፉ የማይወድቀውም በዚሁ ነው። ወርዋሪዋ ዲስከሱን የምትለቀው ደግሞ በአመልካች ጣትዋ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚነካው እሱ ነው። ጣትዋን አሳየችኝ። ጫፉ ላይ ቆዳው ደንድኗል።

ዲስከሱን ስመልስላት እጇን አየሁ፣ ትከሻዋን አየሁ። ረጅም ናት፣ ሰፊ ናት፣ ስትቆም መሬቱን ሞልታ ነው የምትቆመው። ያ አቋቋም ነው ልቤን የነካው።

እኔ ራሴ ትከሻ ሰፊ ሴት ነኝ። መሃል አዲስ አበባ እንዲህ ሆኖ ማደግ ምን እንደሚመስል ያደገ ያውቀዋል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "አንቺ የሁለት ሰው ነሽ፣ ጠጋ በይ" ይላል፤ ሰዉ ይስቃል። ሰፈር ውስጥ "ወንዳወንድ" ትባላለህ። ትምህርት ቤት ውስጥ የኳስ ጨዋታ ሲኖር በረኛ ያደርጉሃል፣ ከዚያ ይረሱሃል። ዘመድ ቤት ስትሄድ ደግሞ "ምግብ ቀንሺ" ይመጣል። ክፋት አይደለም፣ ግን ይጠራቀማል። ልጅቷ ቀስ በቀስ መጎበጥ ትጀምራለች። ደረቷን ትሰበስባለች፣ ድምጿን ትቀንሳለች፣ ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ያላትን ጉልበት እንደ ነውር ትደብቀዋለች።

የዲስከስ ፍጻሜ ላይ የሚቆሙት አስራ ሁለት ሴቶች ግን አንዳቸውም ጎብጠው አይቆሙም። ስማቸው ሲጠራ እጃቸውን ዘርግተው ይወጣሉ። ዲስከሱ ከእጃቸው ሲወጣ ይጮሃሉ፤ ከሆዳቸው የሚወጣ ጩኸት ነው፣ ማንም "ዝም በይ" አይላቸውም። ሌላ ቦታ "ትልቅነት" ተብሎ የሚነቀፈው ነገር እዚያ ሥራቸው ነው። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ይህን አሳይቶኝ ቢሆን ኖሮ ወርዋሪ እሆን ነበር እያልኩ አይደለም። ቀጥ ብዬ እሄድ ነበር። እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ነው ስክሪኑ እንዳይቀየር የምሟገተው። ካፌ ውስጥ ያለ ቴሌቪዥን ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የዚያን እሁድ ከእናቷ ጋር ኬክ የምትበላ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከዕድሜዋ በላይ ቁመቷ ረዝሟል። ኦልማን ስትዞር ሹካዋን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። "እማዬ፣ ይቺ ምን እየሠራች ነው?" አለች። እናቷም አላወቀችም። ጋሼ ዞረው ነገሯት፤ ስለ እግሯ፣ ስለ ክቧ፣ ስለ ነጩ መስመር። እናትየውም ወንበሯን አዞረች። ቀጣዮቹን ውርወራዎች ስድስት ሆነን ነው ያየነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አብረውኝ ከተማሩ ሴቶች ጋር ተነጋገርን። ለድሮ ትምህርት ቤታችን ሁለት ዲስከስ ልንገዛ ነው። አንዱ ባለ 1 ኪሎ፣ ሌላው ለጀማሪዎች ባለ 750 ግራም። ስታዲየም ዙሪያ ያሉ የስፖርት ሱቆች ውስጥ ጠይቄ ነበር፤ ማሊያ፣ ጫማ፣ ኳስና ዋንጫ ሞልቷል፣ ዲስከስ ግን አላገኘሁም። አንዱ ባለሱቅ "ካዘዛችሁ አስመጣለሁ" ብሎኛል። የስፖርት መምህሩ ደስ ብሎታል። ጥያቄው ቦታ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፣ መረብ የለም፣ ከአጥሩ ወዲያ መንገድ አለ። ስለዚህ ለጊዜው ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ጃን ሜዳ ይዞ ሊወጣ አስቧል። መረብ እስኪገኝ ድረስ ልጆቹ አንድ በአንድ ይወረውራሉ፣ የቀሩት ከኋላ ርቀው ይቆማሉ፣ ሁሉም ወርውሮ ሳይጨርስ ማንም ሊያነሳ አይሄድም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጭራሽ ዲስከስ አያስይዛቸውም፤ መዞር ብቻ ነው የሚያስተምራቸው። ጋሼንም ስልካቸውን ተቀብያቸዋለሁ፤ አንድ ቅዳሜ መጥተው እግራቸውን ሊያዩላቸው ቃል ገብተዋል።